ግቢው ይከፈትልን፣ ጠያቂም ይግባልን፦ ከኤምዲአር ቲቢ ክፍል የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለሆስፒታሉ ሥራ አመራር ቦርድ
ለሜዲካል ዳይሬክተሩ ጽሕፈት ቤት
ለኢንፌክሽን መከላከል ኮሚቴ

ጉዳዩ፦ በክፍላችን ላይ የተጣለውን ክልከላ ይመለከታል

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ጤና ይስጥልን። ይህን ደብዳቤ የጻፍነው መድኃኒት በተላመደ ቲቢ (ኤምዲአር ቲቢ) ክፍል ተኝተን የምንታከምና በቅርቡ ከዚያው የወጣን ሰዎች ነን። ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ በክፍላችን በር ላይ አንድ ማስታወቂያ ተለጥፏል። ጠያቂ መግባት ተከልክሏል ይላል። ታካሚ ወደ ኋላው ግቢ መውጣት አይችልም ይላል። የሳይካትሪ ነርሷም ወደ ተመላላሽ ሕክምና ክፍል ተዛውራለች ይላል። ምክንያቱ "ለኢንፌክሽን ቁጥጥር ሲባል" ነው። ማኅተም አለው፣ ማብራሪያ ግን የለውም።

በቃል ጠየቅን። በጽሑፍም አመለከትን። "ከላይ የመጣ ነው" ተባልን። ላይ ያላችሁት እናንተ ስለሆናችሁ በቀጥታ ለእናንተ መጻፍ ግድ ሆነብን። የሆስፒታሉን ስም እዚህ ያላነሳነው እናንተን ለመሸፈን አይደለም። አብዛኞቻችን በየሰፈራችን "ለሥራ ክፍለ ሀገር ሄዷል" የተባልን ሰዎች ስለሆንን ነው።

አንድ ነገር ከወዲሁ ግልጽ ይሁን። ተለይተን መታከማችንን አልተቃወምንም። በሽታችን በአየር የሚተላለፍ ነው። ዋናዎቹ የቲቢ መድኃኒቶች፣ ሪፋምፒሲንና አይሶኒያዚድ፣ የማይበግሩት ቲቢ ልጆቻችንን እንዲይዝ የምንፈልግ ሰዎች አይደለንም። ማስክ አድርጉ ስንባል አድርገናል። አክታችሁን በዕቃው አምጡ ስንባል አምጥተናል። ጥያቄያችን ሌላ ነው። ይህ ክልከላ ማንንም ከበሽታ አልጠበቀም፤ እኛን ግን እየጎዳን ነው።

ከግቢው እንጀምር። ሰፊ ግቢ አይደለም። ሁለት ባሕር ዛፍ፣ የልብስ ማስጫ ገመድና አንድ እግሩ የተሰበረ አግዳሚ ወንበር ነው ያለው። ጠዋት ጠዋት ክኒናችንን ውጠን ማቅለሽለሹ እስኪያልፍልን ፀሐይ የምንሞቀው እዚያ ነበር። የቲቢ ጀርም የሚወደው የታፈነ ክፍል ነው። እዚያ አየር ላይ ለሰዓታት ይንሳፈፋል። ደጅ ላይ ነፋስ ይበትነዋል፣ ፀሐይም ይገድለዋል። ይህን ለእናንተ ማስተማራችን አይደለም። ያስተማሩን የእናንተው ነርሶች ናቸው፣ ሥዕሉም ኮሪደሩ ላይ ተሰቅሏል። ታዲያ በሽታው በቀላሉ ከማይተላለፍበት ቦታ አስወጥቶ፣ በቀላሉ በሚተላለፍበት ክፍል ውስጥ ቀኑን ሙሉ መዝጋት የምን ቁጥጥር ነው?

የመስኮቱ ነገር ደግሞ ይባስ። ጠያቂ ሲከለከል ዘመዶቻችን ከአጥር ውጭ ቆመው በመስኮት ያናግሩን ጀመር። ጥበቃዎች ይህን አዩ። በሳምንቱ የዚያ ወገን መስኮቶች በሚስማር ተመቱ። በአየር ለሚተላለፍ በሽታ፣ ስድስት ሰው በሚተኛበት ክፍል ውስጥ መስኮት በሚስማር ተመታ! ፔሩ ውስጥ፣ ሊማ ከተማ፣ ተመራማሪዎች የሆስፒታል ክፍሎችን አየር ለክተው እ.ኤ.አ. በ2007 ውጤቱን አውጥተው ነበር። በርና መስኮት ሲከፈት የክፍሉ አየር በሰዓት 28 ጊዜ ያህል ይቀየር ነበር። በማሽን አየር ለሚቀየርላቸው የማግለያ ክፍሎች የሚመከረው 12 ጊዜ ነው። እኛ ማሽኑም የለንም። የነበረን መስኮት ነው።

በኢትዮጵያ የዚህ በሽታ ሕክምና በ2001 ዓ.ም. የተጀመረው እንጦጦ ላይ፣ በቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ነው። የሳንባ ሕሙማንን ወደ ተራራ፣ ወደ ንጹሕ አየር መውሰድ የቆየ ልማድ ነው። መድኃኒት ባልነበረበት ዘመን እንኳ የሳንባ ሕመምተኛ አየርና ፀሐይ አልተነፈገም።

ስለ ጠያቂ። እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ እንድታነቡን እንለምናለን።

አንድ አባት አለ፣ ገበሬ ነው። ልጁ ከገጠር ሁለት መኪና ቀይሮ፣ አድሮ፣ ቆሎና ድፎ ዳቦ ይዞለት መጣ። በር ላይ ቆሎውን ተቀበሉትና "አንተ ተመለስ" አሉት። አባትየው ልጁ መጥቶ መሄዱን ያወቀው ፌስታሉ ሲደርሰው ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ምግብ ሲመጣ "ጠግቤያለሁ" ይላል። ክኒኑን ግን ይውጥ ነበር፣ መጀመሪያ አካባቢ። በኋላ ትራሱ ሥር ተገኘ። አንድ ሌሊት ሳይሰናበት ወጥቶ ሄደ። በየትኛው አውቶብስ እንደሄደ፣ ከማን አጠገብ እንደተቀመጠ የሚያውቅ የለም።

ኮሚቴው ይህን አንድ ጉዳይ ብቻ ቢመረምር እንኳ ይበቃን ነበር። ለኢንፌክሽን ቁጥጥር ተብሎ ልጁ ደጅ ላይ አባቱን ለግማሽ ሰዓት እንዳያይ ተከለከለ። ውጤቱ ምን ሆነ? ሕክምናውን ያልጨረሰ ሰው ሕዝብ በሞላበት መኪና ተሳፍሮ ሄደ። ተስፋ የቆረጠ ሰው መድኃኒት እንደሚያቋርጥ፣ ያቋረጠ ሰው ደግሞ የባሰ የተላመደ ጀርም ይዞ እንደሚመለስ ከእኛ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ።

"ጠያቂው ቢያዝስ?" ትሉ ይሆናል። ተገቢ ስጋት ነው። ግን መፍትሔ አለው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በአንድ የኤምዲአር ክፍል፣ ታካሚዎቹ ተራ የሕክምና ማስክ ሲያደርጉ መተላለፉ በ56 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። የተለካው የክፍሉን አየር በሚተነፍሱ ጊኒ ፒጎች ላይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት ነው። ይህ በተዘጋ ቤት ውስጥ ነው። ደጅ ላይ፣ ራቅ ብሎ፣ ማስክ አድርጎ ለሚቀመጥ ጠያቂ ስጋቱ ከዚህም ያንሳል። ከዚያ ሁሉ በፊት ደግሞ ማድራስ፣ ህንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ግማሾቹ ታካሚዎች በቤታቸው፣ ግማሾቹ በሳናቶሪየም (በቲቢ ማገገሚያ ሆስፒታል) እንዲታከሙ ተደርጎ ነበር። ቤት የታከሙት በጠባብ ቤትና በደካማ ምግብ ላይ ሆነውም የሌሎቹን ያህል ዳኑ። ቤተሰቦቻቸውም ይበልጥ አልተያዙም። ጥናቱ በተራው ቲቢ ላይ እንደሆነ እናውቃለን። ትክክለኛው መድኃኒት ከተጀመረ በኋላ ተላላፊነቱ ቶሎ መቀነሱ ግን ለእኛም ይሠራል። ካልቸራቸው (ጀርሙን ከአክታ የማሳደግ ምርመራ) በተደጋጋሚ ኔጌቲቭ የመጣ ሰዎች ዛሬም ከሌሎቹ እኩል በር ተዘግቶባቸዋል። ለምን ሲባል መልስ የለም።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 በጥበቃ ሥር ያሉ ሰዎችና ፍርደኞች የትዳር ጓደኞቻቸው፣ የቅርብ ዘመዶቻቸው፣ ጓደኞቻቸው፣ የሃይማኖት አማካሪዎቻቸው እንዲጠይቋቸው መብት ይሰጣል። ታራሚ የሚጠየቅበት አገር ውስጥ ታማሚ የማይጠየቅበት ምክንያት አልገባንም።

አሁን ደግሞ ለመጻፍ የከበደንን እንንገራችሁ።

ከመካከላችን የአንዱ እናት ሞተች። በአገራችን መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። ሽማግሌ ተመርጦ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ሰውየው ብቻውን እንዳይሆን ታስቦ ነው። ይህ ልጅ የእናቱን ሞት ያወቀው የአክስቱ ልጅ ፌስቡክ ላይ "ነፍስ ይማር" ብላ የለጠፈችውን ፎቶ አይቶ ነው። ዘመዶቹ ሊያረዱት መጥተው ነበር። በር ላይ ተመልሰዋል። መልእክት ተቀብሎ የሚያስገባላቸው ሰው እንኳ አላገኙም። እኛ ሰማን። አልጋው ዙሪያ ተቀመጥን። ከእኛ ሌላ ለቅሶ የሚደርሰው አልነበረም። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በየሃይማኖቱ ጸለየለት። ጥበቃ መጣና "መሰብሰብ ክልክል ነው፣ በየአልጋችሁ" አለን። አንድ ክፍል ውስጥ፣ አንድ አየር እየተነፈስን አብረን የምናድር ሰዎች ነን። አልጋው ዙሪያ ስለተቀመጥን የሚጨምር ኢንፌክሽን የለም።

ከእኛው መካከል ሰው ሲሞትም እንዲሁ ነው። ጠዋት አንሶላው ይነሳል፣ ፍራሹ ይገለበጣል፣ አንድ ቃል አይነገርም። ሲስተሮቹን አንወቅስም። እነሱም ያለቅሳሉ፣ አይተናል። ነገር ግን "ጓደኛችሁ ዐርፏል" ብሎ የሚነግር፣ የቀረውንም የሚያጽናና ሥርዓት የለም። ሌሊት የሚያስል ሰው አጠገባችሁ ተኝቶ፣ የሞተው ሰው አልጋ ባዶውን እያያችሁ "ቀጣዩ እኔ ነኝ" ብላችሁ ብታስቡ ያስገርማል?

ከማስታወቂያው ሁሉ የጎዳን የሳይካትሪ ነርሷ መዛወር ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ትመጣ ነበር። ወንበር ስባ አልጋችን አጠገብ ትቀመጣለች። "እንዴት አደርክ?" ብላ መልሱን እስከ መጨረሻው ታዳምጣለች። ለዚህ ክፍል ይህች ሴት እንደ ትርፍ ነገር የምትታይ ከሆነ፣ የምንውጠውን መድኃኒት ዝርዝር መልሳችሁ እንድታዩ እንጠይቃለን።

ሳይክሎሰሪን የሚወስዱ አሉ። ይህ መድኃኒት ራሱ ድባቴ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ አንዳንዴም የሌለ ድምፅ መስማትና ራስን ስለማጥፋት ማሰብን ሊያመጣ እንደሚችል የታወቀ ነው። አንድ ታካሚ ሌሊት ሌሊት መነጋገር ጀመረ፣ ከማይታይ ሰው ጋር። በቀን ደግሞ ሰው ይጠራጠራል። "አስቸጋሪ" ተባለ። ጥበቃ ተጠራበት። መድኃኒቱ ሊሆን ይችላል ብሎ ያሰበ ሰው እስኪገኝ ብዙ ቀን ሄደ። መጠኑ ሲስተካከል ልጁ ወደ ራሱ ተመለሰ። አሁን አፍሮ ቀና ብሎ አያየንም። ነርሷ ብትኖር ኖሮ በመጀመሪያው ሳምንት ትለየው ነበር።

ክሎፋዚሚን የሚወስዱ አሉ። ቆዳ ያጠቁራል። መድኃኒቱ ሲያበቃ ቀስ እያለ እንደሚለቅ የሚነግራቸው ካላገኙ ለዘላለም የሚቀር ይመስላቸዋል። አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከእጮኛዋ ጋር በቪዲዮ መነጋገር አቆመች። "ካሜራው ተበላሽቷል" ትለዋለች። ስልኩ ደህና ነው።

ሊንዞሊድ የሚወስዱም አሉ። ይህ መድኃኒት እንደ ፍሉኦክሰቲን ካሉ የድባቴ መድኃኒቶች ጋር ሲገናኝ አደገኛ ሊሆን ስለሚችል ሐኪሞች እንደ ልብ አያዙልንም። ትክክል ናቸው። ግን ክኒኑ ካልተቻለ የቀረው መነጋገር ነው። የምታነጋግረንም ሰው ተነስታለች። ታዲያ በምን እንታከም?

ደግሞ ቅጹ አለ። ሆስፒታል ስንገባ ድባቴን የሚለካ ዘጠኝ ጥያቄ ያለው ወረቀት ይሞላልናል። ባለፉት ሁለት ሳምንታት ምን ያህል ጊዜ ሐዘን ተሰማህ፣ እንቅልፍ እንዴት ነው፣ ምግብስ እያለ ይጠይቃል። ከ27 ይታረማል። ጥሩ ቅጽ ነው፣ በአገራችንም ተሞክሮ የተረጋገጠ ነው። ችግሩ ከተሞላ በኋላ ካርድ ውስጥ ገብቶ መቅረቱ ነው። ከላይ ያነሳናት ተማሪ 19 አምጥታለች። ይህ ከባድ ወደሚባለው የተጠጋ ነው። ዘጠነኛው ጥያቄ ብሞት ይሻል ነበር ብሎ ስለማሰብ፣ ራስን ስለመጉዳት የሚጠይቅ ነው። እዚያ ላይ "አልፎ አልፎ" ብላለች። ማንም ተመልሶ አላናገራትም። ሰውን እንዲህ ያለ ነገር ጠይቆ፣ መልሱን ጽፎ፣ ዝም ማለት ጨርሶ ካለመጠየቅ በላይ ያማል።

አንድ ነገር በአጭሩ እንጨምር። ከእኛ ጋር ጆሮው የማይሰማ ታካሚ አለ። ከዓመታት በፊት፣ ካናማይሲን መርፌ ይሰጥ በነበረበት ጊዜ ታክሞ ነው መስማት ያጣው። አሁን በሽታው አገርሽቶበት ተመልሷል። መልእክት ሁሉ በጩኸት ነው የሚነገረው። ለእሱ የሚጽፍለት የለም። ከኛ ሁሉ ይበልጥ ብቸኝነት ያለበት እሱ ነው።

እንዴት ቻላችሁት ብትሉን፣ እርስ በርስ ተደጋግፈን ነው። አንድ ጡረተኛ መምህር አለ፣ ማንበብ ለማይችሉት ከቤት የተላከ ደብዳቤና መልእክት ያነብላቸዋል። ልጆች ያሏቸው ማታ ማታ በስልክ የቤት ሥራ ያስጠናሉ፣ ቻርጅ ካለ። ለክፍሉ በሙሉ የሚሠራው ሶኬት አንድ ነው፣ ወረፋው የኮንዶሚኒየም ዕጣ ያህል ነው። ካልቸሩ ኔጌቲቭ የመጣለት ሰው ለስላሳ ይጋብዛል። ቅዳሜ ቅዳሜ ግቢው ውስጥ ቡና እናፈላ ነበር። በስኒ ቲቢ አይተላለፍም፣ ይህንንም ያስተማራችሁን እናንተ ናችሁ። ከክልከላው በኋላ ቡናው ቀረ። ዳማው ቀረ። ብዙ ሰው በቀን መተኛት ጀመረ፣ ሌሊት ደግሞ ጣሪያ ያያል።

ሊማ ውስጥ የኤምዲአር ታካሚዎች እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በቡድን እየተገናኙ በባለሙያ ይመከሩ ነበር። አብረው ሽርሽር ይወጡ፣ የጨረሰውን ሰው ደግሰው ይሸኙ፣ ቤተሰብም ይጠሩ ነበር። ሀብታም አልነበሩም፣ የድሃ ሰፈር ሰዎች ናቸው። እኛ የጀመርነው ቡናም ያው ነበር። የጎደለው የእናንተ ድጋፍ ብቻ ነው። ያገኘነው ግን ክልከላ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅትም ከሆስፒታል ተኝቶ መታከም ይልቅ በአቅራቢያ ጤና ጣቢያ እየተመላለሱ መታከም እንዲመረጥ ይመክራል። እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው የሥነ ምግባር መመሪያም ሰውን ያለፈቃዱ ማግለል የመጨረሻ አማራጭ እንጂ ቅጣት መሆን እንደሌለበት አስፍሯል። የእኛ ክፍል እንደ ቅጣት እየተሰማን ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህ ነው።

ግቢው ጠዋትና አመሻሽ ይከፈትልን። የተመቱት ሚስማሮች ዛሬ ነገ ሳይባል ይነቀሉ። ይህ በጀት አይጠይቅም፣ መንቀያ ብቻ ነው የሚፈልገው። ጠያቂ በሳምንት ሁለት ቀን እንኳ ግቢው ውስጥ፣ በሁለቱም ወገን ማስክ ተደርጎ፣ ርቀት ተጠብቆ ያግኘን። ሕፃናትና አቅመ ደካሞች ይቅሩ ከተባለ እንስማማለን። ከሩቅ የመጣ ሰው ግን ቀኑ አይደለም ተብሎ አይመለስ።

የሳይካትሪ ነርሷ ትመለስልን። ሙሉ ጊዜ ካልተቻለ እንደ በፊቱ በሳምንት ሁለት ቀን። ቅጹ በየወሩ ይሞላ። ዘጠነኛው ጥያቄ ላይ "አዎ" ያለ ሰው በዚያው ቀን ይታይ። ሳይክሎሰሪን የሚወስድ ታካሚ ባሕርይው ሲለወጥ ጥበቃ ከመጠራቱ በፊት ሐኪም ይጠራ። መስማት ለማይችለው ወንድማችን ነገሮች በጽሑፍ ይነገሩት።

መርዶ ይዘው የመጡ ዘመዶች የሚገቡበት መንገድ ይኑር። ከመካከላችን ሰው ሲሞት ይነገረን፤ ጥቂት ደቂቃ አብረን እንድንቀመጥም ይፈቀድልን።

እያንዳንዳችን የአክታ ውጤታችንን በወቅቱ እንወቅ። ምን ሲሟላ እንደምንወጣ በጽሑፍ ይነገረን። መውጣት የሚችሉት በአቅራቢያቸው ባለ ጤና ጣቢያ ሕክምናቸውን ይቀጥሉ፣ አልጋውም ለሚያስፈልገው ይለቀቅ። ሶኬት ይጨመርልን። ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ግን ልጆቻችንን የምናገኘው በእሱ ነው።

በመጨረሻም በኢንፌክሽን መከላከል ኮሚቴው ውስጥ አንድ የታካሚ ወይም የዳነ ሰው ተወካይ ይቀመጥ። መልሳችሁን በጽሑፍ፣ ማስታወቂያው በተለጠፈበት በር ላይ እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣

መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ክፍል ተኝተው የሚታከሙና ታክመው የወጡ ሰዎች ተወካይ

ግልባጭ፦
ለክልሉ ጤና ቢሮ የቲቢ ቡድን
ለክፍሉ ነርሶች